ፊታቸው እንዲታይ

መስከረም 14 ቀን

በባዕድ አገር ወንበር ለምታሞቂው የልጅ ልጄ፣ ለወይዘሮ ሪፖርት ይድረስሽ።

ፈጣሪ የምትቀመጪበትን ወንበር አራቱንም እግር ያጽናልሽ። ሦስቱን ብቻ ካጸናልሽ ግን ለአራተኛው እኔ አለሁ፤ አናጢ አያት ይዘሽ መውደቅ የለም። ስለ እኔ አታስቢ። የመጨረሻዋ የፊት ጥርሴ ባለፈው ሳምንት ተሰናበተችኝ፤ ያለ ጠብ ነው የተለያየነው።

ማክሰኞ ዕለት ሳንቃ እየላግሁ ሳለ በሩ ላይ ጥላ አረፈ። ቀና ብል ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ከረባቱ! አዎ፣ የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ራሱ፣ በእግሩ፣ ቤቴ ድረስ። ያረጀሁት ለዚያ ትምህርት ቤት ዴስክ ስሠራ ነው፤ አንድም ዳይሬክተር ደጄን ረግጦ አያውቅም። የመጋዝ ብናኝ ላይ ተቀመጠ። ሱሪው ከኋላ ነጭ በነጭ ሆነ፤ አልነገርኩትም።

«አባታችን» አለኝ። አምና «ሽማግሌው» ነበርኩ። «አባታችን፣ እሜቴን ላስመዘግባት ነው የመጣሁት።»

ታናሽ እህትሽን እጇን ይዤ ሁለት ዓመት በተከታታይ ሄጄ ሁለቴ ከበር የመለሰን ይኸው ሰው ነው። «ይሄ የሚሰሙ ልጆች ትምህርት ቤት ነው፤ ጆሮ የሌላት ልጅ እዚህ ምን ትሠራለች?» ነበር ያለኝ። እሷ አጠገቤ ቆማ ከንፈሩን ታየው ነበር። አንድም ቃል አላመለጣትም። አሁን ደግሞ «ይቺ ልጅ የትምህርት ቤታችን እንቁ ናት» ይለኛል።

«በራችሁን ሳትረግጥ?» አልኩት።

«እንቁነቷን ያወቅነው ዘንድሮ ነው» አለና ከኪሱ የአንቺን መሥሪያ ቤት ደብዳቤ አወጣ። ዝናብ እንዳይነካው በላስቲክ ጠቅልሎታል። ብዝኃነት፣ ፍትሐዊነት፣ አካታችነት። ሦስቱን ቃል ሲያነብ ከረባቱን ሦስት ጊዜ አስተካከለ። ከዚያ ለእሷና ለመሰሎቿ «እንቁዎች» የሚሆን ልዩ አግዳሚ ወንበር እንድሠራ አዘዘኝ። «የሚያምር ይሁን» አለ። «የማያምር መሥራት አልተማርኩም» አልኩት።

እናታችሁ ከሞተች ወዲህ እኔና እሜቴ ቤቱን ለሁለት እየገዛነው ነው። እሷ ታዛለች፣ እኔ እገዛለሁ። እሜቴ ያልኳትም ለዚሁ ነው፤ ዘጠኝ ዓመት ሳይሞላት የባለሥልጣን አካሄድ አላት። ጥርሴ ስትወልቅ ከእንግዲህ አፌን ማንበብ ያቅታታል ብዬ ፈርቼ ነበር። ሳቀችብኝ። የወደቁትን ፊደሎች ከየት እንደምትለቅማቸው እሷ ነች የምታውቀው። አንድ ነገር ብቻ ነው የምትፈልገው፤ ፊት ለፊት መሆን። ጀርባዬን ከሰጠኋት ዓለም በሙሉ ይዘጋባታል። ስለዚህ ስንሠራ በጠረጴዛው ማዶና ማዶ ነን። የሳንቃው አንዱ ጎን ተልጎ ሲያልቅ «አዙሪ» እላታለሁ፣ ብድግ አድርጋ ታዞረዋለች። ከአፌ ከሚወጣው ሁሉ እንደዚች ቃል የምታውቀው የለም።

ምንም አትላኪልኝ። እልካለሁ ብለሽ ድርቅ ካልሽ ግን ጥርስ ላኪ።

አያትሽ


ጥቅምት 28 ቀን

ለምወድዎትና ለማከብርዎት አያቴ፣

ሰላምና ጤና ከቤትዎ አይራቅ፤ የእጅዎን ጥበብ፣ የአፍዎንም ቀልድ አምላክ ያቆይልን። ጥርሱን እያፈላለግሁ ነው። ደብዳቤዎን በምሳ ሰዓት አንብቤ ብቻዬን ስስቅ ሰዎች ዞረው አዩኝ።

አባባ፣ ደስታዬን እንዴት ብዬ ልንገርዎት? የእኛን ትምህርት ቤት ያስመረጥኩት እኔ ነኝ። በስብሰባ ላይ ተነስቼ ተናገርኩ። ማንም ልጅ በጆሮው፣ በእግሩ፣ በመጣበት ቦታ ምክንያት ከበር የማይመለስበት ትምህርት ቤት ሊኖር ይገባል ስል አስራ አራት ሰው አጨበጨበልኝ። የሥራ ውሌ የሚያበቃው ሰኔ ላይ ነው። ይሄ ነገር ከተሳካ ቋሚ እሆናለሁ። ካልተሳካ ግን የመኖሪያ ወረቀቴም አብሮ ያበቃል። ለእሜቴ ይህን አይንገሯት።

አንድ ነገር ላስቸግርዎት። ባለፈው ዓመት ከሌላ ቦታ የተላኩልን ፎቶዎች ሁሉ ከክፍሉ በር የተነሱ ስለነበሩ የልጆች ማጅራት ብቻ ነበር የሚታየው። ኃላፊዬ «እኔ ማጅራት ላካትት አይደለም የተቀጠርኩት» አለችን። ስለዚህ ለዳይሬክተሩ በጥብቅ ጽፌለታለሁ፤ ከበር የሚገባ ሰው ፊታቸው እንዲታየው። እርስዎም በእጅዎ ያለውን ያድርጉልኝ፣ አደራ።

የልጅ ልጅዎ


ኅዳር 30 ቀን

ማጅራት ለማታካትተው ወይዘሮ ሪፖርት፣

ፈጣሪ ፊትሽን ያብራልሽ፤ ማጅራትሽንም አይርሳው፣ እሱም ያንቺው ነው።

አግዳሚው ተሠራ። ርዝመቱ አራት ልጅ፣ ጠርዙ ሁሉ የተሞረደ፣ ልብስ የማይዝ። ሥሩ ላይ ሳንቃ መትቼ «ሁላችንም እኩል ነን» ብዬ በሰማያዊ ቀለም ጻፍኩበት። እንደ ተለመደው ሰሌዳው ፊት ለፊት አስቀምጬው ልወጣ ስል ከረባቱ ደብዳቤሽን ይዞ መጣ።

«ይዙር» አለኝ።

«ወዴት ይዙር?»

«ወደ በሩ። ፊታቸው እንዲታይ።»

«ሰሌዳውስ?»

«ሰሌዳው የትም አይሄድ፣ አባታችን። እንግዶቹ እስኪመጡ ነው።»

አዞርኩት። ልጆች ግን ልጆች ናቸው፣ በተቀመጡበት እየገፉ በሁለተኛው ቀን መለሱት። ከረባቱ ቤቴ ድረስ መጥቶ አኮረፈ። «አርባ ዓመት አናጢ ነኝ ይላሉ፣ አራት ልጅ የሚገፋው ወንበር ሠሩልኝ!» አይለኝም? እንዲህ ያለ ስድብ አልወድም። ምስማሬን ይዤ ሄድኩ። ቁጥር አስራ ሁለት፣ አስራ ሁለት ፍሬ፣ ከጣውላው ወለል ጋር ሰፋሁት። አሁን ዝሆን ይግፋው።

አራቱን ብታያቸው! አንዱ አንድ እግሩ ያጠረ ነው፣ አንዱ ዓይኑ የደከመ ነው፣ አንዷ ቋንቋችንን የማታውቅ ከሩቅ ተፈናቅላ የመጣች ናት፣ አንዷ ያቺ የአንቺዋ እሜቴ ናት። በሩን ትክ ብለው ሲያዩ ፎቶ አንሺ እንደሚጠብቁ ሙሽሮች ናቸው። ፎቶ አንሺውም መጣ። ሌሎቹ ስልሳ ልጆች ወደ ሰሌዳው ዞረው ይማራሉ፤ እነሱ ወደ እኛ።

የክፍሉ አስተማሪ ወጣት ናት፣ ቆንጠጥ ያለች። ምስማሩን ስመታ እጆቿን አጣምራ ቆማ ታየኝ ነበር። «አባባ፣ ይቺ ልጅ አፌን ማየት አለባት እኮ» አለችኝ። እኔም «አስተማሪዬ፣ አፍሽ መልካም ነው፣ እኔም ብሆን ባየው ደስ ይለኝ ነበር» ብዬ አለፍኳት። ልጆቹ ሳቁ። እሷ አልሳቀችም።

እሜቴ ደህና ናት። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቶሎ ትተኛለች።

አያትሽ


ጥር 25 ቀን

ለአያቴ፣ ለጥበበኛው፣

የእድሜዎ ጥላ በእኛ ላይ ይርዘም። ስለዘገየሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ሥራው ከራሴ በላይ ሆኖብኝ ነው።

ፎቶው እዚህ ጉድ አሰኘ! የሕንጻው መግቢያ ላይ አራት ሜትር አድርገው ሰቀሉት። ጠዋት ስገባ እሜቴ ከላይ ታየኛለች፤ ፊቷ ብቻ የእኔን ፊት እጥፍ ያህላል። ሰው ሁሉ «እንዴት ያለች ልጅ ናት» ይላል። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ብቻ «ሰሌዳው ለምን ከኋላቸው ሆነ?» ብላ ጠየቀች። ለፎቶ ነው አልኳት። ለፎቶ ነው አይደል፣ አባባ?

አሁን ደግሞ የእሜቴ የእጅ ጽሑፍ ያለበት አንድ ገጽ እንፈልጋለን። ፊደል ብቻ ቢሆንም ይበቃል። ከፎቶው ሥር ይሰቀላል።

የልጅ ልጅዎ


መጋቢት 2 ቀን

በአራት ሜትር ፎቶ ሥር ለምትመላለሰው፣

ፈጣሪ ሥዕሉ ከላይሽ እንዳይወድቅ ይጠብቅሽ፤ ሰቃዩን አናጢ አላውቀውምና።

ቤታችን ሌባ ገብቷል። የጢም መላጫ መስታወቴ ጠፋ! ከጥር መጀመሪያ አንስቶ ጢሜን የምላጨው በዳሰሳ ነው፤ ጉንጬን ብታዪው መሮ ያልለመደ ተማሪ የቆፈረው ሳንቃ ነው የሚመስለው። ውሻውን ጠረጠርኩ፣ ጎረቤቱን ጠረጠርኩ። ባለፈው ሳምንት የእሜቴን ቦርሳ ስከፍት ምን ባገኝ ጥሩ ነው? መስታወቴን፣ ያውም ከመዳፍ የማይበልጥ ስባሪ ሆኖ፣ ጫፉ በጨርቅ ተጠቅልሎ።

ከረባቱም ነግሮኝ ነበር። «እንቁዎ ክፍል ውስጥ መስታወት ታያለች፤ ውበት ጀምራለች» ብሎ ሲስቅብኝ አላመንኩትም ነበር። ሌብነት አልወድም። መዳፏን በማስመሪያ ሦስት ጊዜ መታሁት። ልትነግረኝ እጇን ወደ ኋላ ወደ ፊት ታወናጭፍ ነበር፤ ጀርባዬን ሰጠኋት። ከዚያ ወዲህ እጇ ባዶ ነው፣ እኔም ጢሜን ማቁሰል አልተውኩም፤ ስባሪው አንድ ጉንጭ እንኳ አያሳይም። ስለዚህ ጥርሱን ተዪውና መስታወት ላኪልኝ። እጀታ ያለው ይሁን።

የእጅ ጽሑፍ ላልሽው፣ ልጅቷ ገና ናት። በየቀኑ አንድ ቅጠል ወረቀት እየቀደደች የመሥሪያ ጠረጴዛዬ ላይ ታስቀምጥልኝ ነበር። ዶሮ የጫረችው ነገር ነው፣ ሰው ፊት የሚቀርብ አይደለም። ወረቀቱ ግን ጠንካራ ነው፤ ምስማር እጠቀልልበታለሁ።

አስተማሪዋ ቤቴ መጥታ ነበር። «ምስማሩን ይንቀሉልኝ፤ ካልሆነ ጉጠት ያውሱኝ፣ እኔ ራሴ እነቅለዋለሁ» አለችኝ። ለአንድ አፍታ ጉጠቱን አየሁት፤ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ከዚያ የአንቺ ሰኔ ትዝ አለኝ። ከረባቱም ቢያኮርፍ እሜቴን ለሦስተኛ ጊዜ ከበር ይመልሳታል። «ጉጠት የለኝም» አልኳት፣ ጉጠቱ ሥር ቆሜ። አየችው። አየችኝ። ወጣች። በሳምንቱ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት አዛወሯት አሉ። በእሷ ምትክ የመጡት ሽማግሌ ከሰሌዳው ጋር ነው የሚነጋገሩት፤ ፊታቸውን ያየው ተማሪ የለም።

አያትሽ


መጋቢት 29 ቀን

አባባ፣

ጤና ይስጥልኝ። በችኮላ ነው የምጽፈው። መስታወቱን ልኬዋለሁ፤ እጀታው ብር ቅብ ነው። እሜቴንም አያስከፏት፣ እሷም ትይበት።

እንግዶቹ ግንቦት 20 ይደርሳሉ። ኃላፊዬ ራሷ አለችበት። የእጅ ጽሑፉን ስላላገኘን እሜቴ በፊታቸው ሰሌዳው ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር እንድትጽፍ ተወስኗል። አንድ ብቻ። አግዳሚው ላይ ያለውን። እርስዎም የክብር ልብስዎን ለብሰው እንዲገኙ ለዳይሬክተሩ ጽፌያለሁ።

እህቴ እንደሆነች ግን ለማንም እንዳይናገሩ። እዚህ አልተናገርኩም። ለዘመዷ አደላች እንዳይሉኝ ነው።

የልጅ ልጅዎ


ሰኔ 1 ቀን

እህት ለሌላት ለወይዘሮ ሪፖርት፣

ፈጣሪ ያሰብሽውን ሁሉ ያድርግልሽ። ይሄ ምርቃት መሆኑን ደብዳቤውን ጨርሰሽ ፍረጂ።

መስታወትሽ ደርሶኛል። እሜቴ እንደገና እንዳትሰብርብኝ ከራሴ በላይ ምስማር መትቼ ሰቀልኩት። በየጠዋቱ ከሥሩ ቆማ ወደ ላይ ታየው ነበር። «ገና ነሽ፣ ሲያምርሽ ነው» እያልኩ አሾፍኩባት።

እንግዶችሽ መጡ። ሰባት ናቸው፣ ከአስተርጓሚያቸው ጋር ስምንት። ኮቴን ለብሼ በሩ ጥግ ቆምኩ። ገና ሲገቡ አራቱን ፊት ለፊት አዩዋቸው፤ ኃላፊሽ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። «አናጢው ማነው?» ብላ አስጠየቀች። ከረባቱ ጎትቶ አቀረበኝ። ሁለት እጄን ያዘችኝ። እኔ ሽማግሌው ቀላሁ፣ ምን ላድርግ! ከእናታችሁ ወዲህ እጄን የያዘ ሰው የለም።

ከዚያ «እሜቴ ትጻፍ» ተባለ። ከረባቱ ሥሩ ያለውን ጽሑፍ በጣቱ አሳያት፣ ጠመኔ ሰጣት። እሜቴ ተነሳች። አግዳሚውን ዞራ ወደ ሰሌዳው ስትሄድ አካሄዷ ያው የባለሥልጣን ነው። ሰሌዳው ፊት ቆማ ቀረች። ለካ አግዳሚውን ከሰፋሁት ወዲህ በገዛ ዓይኗ ፊት ለፊት ስታየው የመጀመሪያዋ ነው። ከዚያ በቀኝ በኩል ካለው ጫፍ ጀመረች። ወደ ግራ ጻፈች። እያንዳንዱ ፊደል ፊቱን አዙሯል። አልተሳሳተችም፣ አልደለዘችም፣ መስመሩ በክር የተለካ ይመስላል። ጨርሳ ጠመኔውን አስቀመጠችና እጇን አራገፈች።

አስተርጓሚው «በየትኛው ቋንቋ ነው?» አለ። ከኋላ አንድ ልጅ ሳቀ፣ ከዚያ ስልሳዎቹ ሳቁ። ደግነቱ አትሰማም። ግን ዞረች፤ ስልሳ የተከፈተ አፍ አየች። ማንበብ ታውቅ የለም?

ከረባቱ ጎንበስ ብሎ ለኃላፊሽ «ጆሮዋ ብቻ አይደለም፣ አእምሮዋም ላይ ችግር አለባት፤ እኛ ግን አካተናታል» አላት። ሰባቱም አንገታቸውን ነቀነቁ። ሰባቱም ጻፉ።

እኔ የገባኝ እሷ ሁለተኛውን ፊደል ስትጽፍ ነው። አናጢ ነኝ፤ የበሩን ቀኝ መዝጊያ ሠርቼ ግራውን ስሠራ ያው ልኬት ነው የሚገለበጠው። ይህን ተገላቢጦሽ ዕድሜ ልኬን አውቀዋለሁ። የመስታወት ጽሑፍ ነበር። ያቺን ስባሪ መዳፏ ውስጥ ይዛ፣ ሰሌዳውንም የአስተማሪዋንም አፍ በእሷ ውስጥ እያየች፣ ብቻዋን ፊደል ቆጥራለች፤ ሰሌዳ ላይ የሚጻፈው እንዲያ ነው ብላ። በማስመሪያ የመታሁት እሱን መዳፍ ነው።

«መስታወት አምጡ» ማለት ነበረብኝ። ሁለት ቃል። እሜቴ ሳቁን ትታ አፌን ታይ ነበር፤ ከክፍሉ ሰው ሁሉ መርጣ የእኔን አፍ። ኃላፊሽ ግን ያንጊዜ «ወንበሩን ከወለሉ ጋር ማን እንዲህ አጠበቀው?» ብላ አስጠየቀችኝ፣ በአድናቆት። መስታወቱን ብጠራ የሚቀጥለው ጥያቄ ማን አዞረው የሚል ነው። እንዲዞር ማን ጻፈ የሚል ነው።

«እኔ ነኝ፣ እመቤቴ» አልኳት። ከዚያ አፌን ዘጋሁት።

እሜቴ ወደ አግዳሚዋ ተመለሰች፣ ፊቷን ወደ በሩ አድርጋ ተቀመጠች። ሁለት ፎቶ ተነሳች።

አሁን አንቺ ታውቂያለሽ። ሪፖርቱን የምትጽፊው አንቺ ነሽ። አንድ መስመር ይበቃል። እኔ የዘጋሁትን አንቺ ክፈቺው፣ ልጄ። በዚህ ደብዳቤ ቀልድ ካገኘሽ በስህተት የገባ ነው።

አያትሽ


ሐምሌ 4 ቀን

ለተከበሩ አያቴ፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

ሪፖርቱ የታተመው ደብዳቤዎ ከመድረሱ ከአራት ቀን በፊት ነው። እንዲህ ያለ ነገር ከታተመ በኋላ አይታረምም፤ ሰባት ሰው በዓይኑ ያየውን እኔ በምን አስተባብላለሁ? እህቴ ናት ብዬ? ያንጊዜ መጀመሪያ የሚጠየቀው ለምን እንደደበቅሁ ነው። አባባ፣ እርስዎ በክፍሉ ውስጥ ቆመው ያልቻሉትን እኔ በባሕር ማዶ ሆኜ እንድችል ይጠብቁብኛል?

ከሐምሌ አንድ ጀምሮ ቋሚ ሆኛለሁ። የክፍል ኃላፊም አድርገውኛል። ደስ ይበልዎት።

እሜቴን በተመለከተ፣ እንደ እሷ ላሉ ልጆች የተዘጋጀ ማዕከል አለ። ከእናንተ የሁለት ቀን መንገድ ነው። ግቢው ሰፊ ነው ይላሉ። የመዛወሪያ ወረቀቱ ላይ የፈረምኩት እኔ ነኝ፤ የሥራ ድርሻዬ ስለሆነ ነው። የአሳዳጊ ፊርማ የሚለው ቦታ ላይ እርስዎ ይፈርሙ። መኪና ይመጣል።

አንድ የመጨረሻ ነገር። አግዳሚው በጣም ስለተወደደ በሌሎች አርባ ትምህርት ቤቶች በዚያው ዓይነት ሊሠራ ነው። ልኬቱን በዝርዝር ይላኩልኝ። አሠራሩንም፣ በተለይ እንዴት እንደማይነቃነቅ።

የልጅ ልጅዎ


ነሐሴ 12 ቀን

ለክፍል ኃላፊዋ፣

ሹመትሽን ፈጣሪ ያጽናልሽ። አጠባበቁን እኔ አሳይሻለሁ።

ፈረምኩ። አታድንቂኝ፣ ከአንቺ ፊርማ ሥር ሲሆን ቀላል ነው። መኪናው ሐምሌ መጨረሻ መጣ። የኋላ ወንበሩ ወደ ኋላ የሚያይ ነበር፤ እሜቴ ሳይነግሯት ወጥታ ተቀመጠችበት፣ ለምዳዋለች። መኪናው ሲሄድ ፊቷ ለእኔ ነበር። የሆነ ነገር ልላት አፌን ከፈትኩ። ጎንበስ ብላ የጫማዋን ማሰሪያ አሰረች። ማዞሪያው ላይ እስኪደርሱ ድረስ አሰረች።

ልኬቱ ይኸው። ርዝመት ሁለት ሜትር ከአርባ። ከፍታ አርባ ሁለት ሳንቲም። የመቀመጫው ስፋት ሠላሳ። ሳንቃው ደረቅ፣ ጠርዙ የተሞረደ። ምስማር ቁጥር አስራ ሁለት፣ በየእግሩ ሦስት ሦስት፣ ዘንበል ተደርጎ የሚመታ። እንዳይነቀል ነው። ለአርባ ትምህርት ቤት አራት መቶ ሰማንያ ምስማር ትፈልጊያለሽ። የተረፉኝን ልላክልሽ ብዬ ሣጥኔን ከፈትኩ።

ምስማሮቼ እሷ በምታመጣልኝ ወረቀት እንደተጠቀለሉ ናቸው። አንዱን ፈታሁና ለጉንጬ ከገዛሽልኝ መስታወት ፊት ያዝኩት። ሁለተኛውንም ፈታሁ። ያልጣልኩት ሃያ ሦስት ቅጠል ነው። የመጀመሪያዎቹ ላይ ፊደል ብቻ ነው። ቀጥሎ ያቺ አስተማሪ ሰሌዳ ላይ የጻፈችላቸው ቃላት ናቸው፤ ና፣ ሂድ፣ ያዝ፣ አዙር። ከየካቲት መባቻ ወዲህ ያሉት ዘጠኙ ላይ ግን ሌላ ቃል የለም። ከላይ እስከ ታች አንድ ቃል ነው፤ ከአፌ ከሚወጣው ሁሉ አብልጣ የምታውቃት ቃል፤ «አዙሪ» የምላትን ለእኔ መልሳ። አዙር። አዙር። አዙር። በየቀኑ ጠረጴዛዬ ላይ ታስቀምጠው ነበር፤ እኔ ምስማር ጠቀለልኩበት።

አንዱን ቅጠል ልኬልሻለሁ። የእጅ ጽሑፏን ፈልገሽ አልነበር? ስቀዪው።

በጥር አንድ ነገር ጠይቀሽኝ ሳልመልስልሽ ቀርቻለሁ፤ ሽማግሌ ይረሳል። ሰሌዳው ከኋላቸው የሆነው ለፎቶ ነው ወይ ብለሽ ነበር። አዎ፣ ልጄ። ለፎቶ ነው።

አያትሽ